ምዕራፍ ሰባት፦ ማሩ የት ገባ?

ከብራስልስ በስተደቡብ ምዕራብ ኬናስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከተማዋ የምትታወቀው በድንጋይ ካባዋ ነው። ለመንገድ ንጣፍ የሚሆነውን ጠንካራ ድንጋይ የሚፈልጡት ሠራተኞች አቧራ ያደረቀውን ጉሮሯቸውን የሚያርሱት፣ ለፌቭር የተባለው ቤተሰብ ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚጠምቀው ቢራ ነበር። ዛሬ የዚህን ጠማቂ ቤት ስም ከአገሩ ውጭ የሚያስጠራው ግን «ባርባር» የተባለው የማር ቢራ ነው። የአልኮል መጠኑ 8 በመቶ ነው፤ በውስጡ የሚገባው ማር ደግሞ 2.5 በመቶ።

«የማር ቢራ» የሚለውን የሰማ ሰው ብርጭቆውን ሲያነሳ ጣፋጭ ነገር እየጠበቀ ነው። አፍንጫው ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ሽታም ተስፋውን ያጠናክርለታል፦ አበባ፣ ሰፈፍ፣ ትንሽ ቅርንፉድ። ከዚያ ይጎነጫል። ጣፋጩ ገና ብቅ ከማለቱ ይጠፋል። የሚከተለው ደረቅ፣ ደረት የሚያሞቅ፣ ማሳረጊያው ላይ ምሬት ጣል ያለበት መጠጥ ነው። ብዙ ጀማሪ ቀማሾች ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው። ማሩ መግባቱን ሽታው ይመሰክራል። ታዲያ ጣፋጩ የት ሄደ?

ንቦች የጨረሱት ሥራ

መልሱ የሚጀምረው ከጠማቂው ቤት ሳይሆን ከቀፎው ነው። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው። በውስጡ ካለው ስኳር ብዙው ደግሞ ሸንኮራ አገዳ ውስጥ እንዳለው ሁለት ስኳሮች ተጣምረው የተሠሩበት ዓይነት ነው። ንቧ ከእጢዎቿ በምትጨምረው ኢንዛይም ጥንዱን ትነጣጥላለች፤ በክንፏ እያራገበችም ውሃውን ታተናለች። እንጀራው በሰም ሲከደን ማሩ ውስጥ የሚቀረው ውሃ 18 በመቶ ገደማ ነው። ከጠቅላላው ማር ውስጥ ፍሩክቶሱ ወደ 38 በመቶ፣ ግሉኮሱ ወደ 31 በመቶ ይጠጋል።

ማር ዓመታት ቢቀመጥ የማይበላሸው ውሃው ስላነሰ ነው፤ እርሾ በእንዲህ ያለ ድርቀት መሥራት አይችልም። ሲበረዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍሩክቶስና ግሉኮስ ለእርሾ ተቆርሶ እንደ ቀረበ እንጀራ ናቸው፤ ሳያኝክ ይውጣቸዋል። ከማር ስኳር ውስጥ እርሾ ሳይበላው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ብቅል እንዲህ አይደለም። የበቀለ ገብስ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል እንጂ ሁሉም እኩል አይፈጭም። ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ይቀራሉ፤ ተራ የቢራ እርሾ ደግሞ እነዚህን መብላት አይችልም። ከጠቅላላው ከአምስት አንድ እስከ ሩብ የሚደርሰው በዚህ መልክ ቢራው ውስጥ ይሰነብታል። ቢራን ምላስ ላይ ወፈር፣ ለስለስ የሚያደርገው ይህ ትራፊ ነው። ስለዚህ ጠማቂው ከብቅሉ ላይ ቀንሶ በምትኩ ማር ሲጨምር ቢራው አይጣፍጥም፤ ይቀላል፣ ይደርቃል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሊትር ባርባር ውስጥ 25 ግራም ገደማ ማር ገባ እንበል። ከዚህ ውስጥ ስኳሩ 20 ግራም ያህል ነው። እርሾ ስኳርን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ አልኮል ይሆናል፦ 10 ግራም፣ በመጠን ሲለካ 13 ሚሊ ሊትር። ማለትም ከ8 በመቶው አልኮል ውስጥ የማሩ ድርሻ ቢበዛ 1.3 ነው። የተረፈው በአብዛኛው የብቅሉ ሥራ ነው።

ጠጅ የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ቁጥር ያውቀዋል። ጠጅ ቤት ገብቶ «ደረቅ» ብሎ የሚያዝ ጠጪ የሚቀርብለት እርሾው ማሩን አጥብቆ የበላው ነው፤ «ለስላሳ» የሚለው ደግሞ ገና ማሩ ያልተበላ። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ጠጅ ሲጣል ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ያህል ውሃ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህም በሊትር ሲሰላ ባርባር ውስጥ ከሚገባው ማር ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ማር ለእርሾ ስኳር እንጂ ናይትሮጅን እምብዛም አይሰጠውም። ስለዚህ ማር ብቻውን ሲብላላ ቀስ ይላል፤ በመሃል ያለው ጠጅም ጣፋጭ ሆኖ ይቆያል። ቢራ ውስጥ ግን ናይትሮጅኑን ብቅሉ ስለሚያሟላ እርሾው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሩን ጠርጎ ይጨርሰዋል።

የቤልጂየም ጠማቂ ጣፋጩን ላቆየው ቢልም የሚከለክለው ነገር አለ። ብዙዎቹ የአገሩ ኃይለኛ ቢራዎች ጠርሙስ ውስጥ ዳግመኛ ይብላላሉ። ቢራው ሲታሸግ ትንሽ ስኳርና ሕያው እርሾ ይጨመርበታል፤ እርሾው ያንን ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መውጫ አጥቶ ቢራው ውስጥ ይሟሟል። የአረፋው ብዛት፣ ከታች የሚዘቅጠውም አተላ ከዚህ ይመጣል። ታዲያ ያልተበላ ማር ሞልቶበት ቢታሸግ እርሾው ሥራውን አያቆምም። ጋዙ ይከማቻል፤ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል። ጠማቂው መጀመሪያ ሁሉም ተበልቶ እስኪያልቅ የሚጠብቀው፣ ከዚያም ለጠርሙሱ የሚበቃውን ስኳር በግራም መዝኖ የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ለምን ቤልጂየም?

ማርና እህል በአንድ ጋን መብላላታቸው የቤልጂየሞች ፈጠራ አይደለም። በዴንማርክ ኤግትቬድ በተባለ ቦታ በ1921 በተቆፈረ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1370 ገደማ በተሠራ መቃብር ውስጥ ከአንዲት ወጣት ሬሳ ጋር የቅርፊት ዕቃ ተገኝቷል፤ ዕቃው ውስጥ የስንዴ፣ የማርና የጫካ ፍሬዎች ዝቃጭ ነበረበት። በቱርክ ጎርዲዮን በ1957 በተከፈተው ትልቅ መቃብር ውስጥ የተገኙትን የመጠጥ ዕቃዎች ደግሞ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተመራማሪው ፓትሪክ ማክገቨርን ከባልደረቦቹ ጋር መርምሮ የወይን፣ የገብስ ቢራና የማር ቅልቅል ምልክት አግኝቶባቸዋል።

የቤልጂየም ድርሻ ልማዱን በዘመናዊ ቢራ ውስጥ ማቆየቷ ነው። በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በስተቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት ደነገጉ፤ ደንቡም በ1906 መላውን ጀርመን አዳረሰ። ቤልጂየም ውስጥ እንዲህ ያለ አጥር አልነበረም። ጠማቂው ድንብላል፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ስኳር፣ ማር ቢጨምር ጠያቂ የለበትም።

የቤልጂየም ጠማቂዎችን ወደ ኃይለኛ ቢራ የገፋቸው ደግሞ ሕግ ነው። በ1919 የወጣውና በሶሻሊስቱ ሚኒስትር ኤሚል ቫንደርቬልደ ስም የሚጠራው ሕግ በቡና ቤቶች አረቄ መሸጥን ከለከለ፤ ከሱቅ መግዛት የፈለገም ከሁለት ሊትር ያላነሰ መግዛት ነበረበት። ይህ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ኪስ በላይ ነበር። ጠማቂዎች ክፍተቱን ለመሙላት የቢራቸውን አልኮል ከፍ አደረጉ። ቬስትማል በተባለው የትራፒስት ገዳም በ1934 የተጀመረው 9.5 በመቶ አልኮል ያለው «ትሪፕል» የዚህ ዘመን ልጅ ነው።

አልኮሉን በብቅል ብቻ ከፍ ማድረግ ቢራውን እንደ አጥሚት ያወፍረዋል። ስለዚህ ጠማቂዎቹ እርሾ ሙልጭ አድርጎ የሚበላውን ስኳር ጨመሩበት፤ ኃይሉ ጨመረ፣ ውፍረቱ ቀነሰ። ማርም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ለጠማቂው ስኳር የሚሠራውን ሥራ ይሠራለታል፤ ስኳር የሌለውን ሽታ ደግሞ ይዞ ይመጣል።

ሌላው ነገር እርሾው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚጠጡት ቢራዎች ላገር የሚባለው ወገን ናቸው፤ በቅዝቃዜ ቀስ ብለው ስለሚብላሉ እርሾው ሽታ እምብዛም አይተውባቸውም። ኤል የሚባለው የቤልጂየም ቢራ ግን ሞቅ ባለ ቦታ፣ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ላይ ይብላላል። እርሾው በዚህ ሙቀት 4-ቪኒል ጓያኮል የተባለውን ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ውህድ፣ አይሶአሚል አሲቴት የተባለውንም የበሰለ ሙዝ ሽታ ያመነጫል። ጠማቂው ቅርንፉድም ሙዝም አልጨመረም። የማሩ ሽታ የሚሰማው በእነዚህ መሃል ሾልኮ ነው።

ይህ አጠማመቅ ከአገሩ ወጥቷል። አላጋሽ በ1995 በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ኦመጋንግ በ1997 በኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን ሲከፈቱ ሁለቱም የቤልጂየምን እርሾና ዘዴ ይዘው ነው። ትናንሽ ጠማቂዎች ዛሬ «ቤልጂየም ቀመስ» እያሉ ከየአካባቢያቸው ንብ አርቢ በገዙት ማር የሚሠሩት ኤል ከዚህ መስመር የሚመዘዝ ነው።

እሳት ላይ ወይስ ከእሳት በኋላ?

ማሩ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው ጠማቂው የፈለገው ነገር ነው። አልኮሉን ብቻ ከፈለገ ገና ሲፈላ ቢጨምረው ግድ የለውም፤ ስኳሩን እሳት አያጠፋውም። የማር መዓዛ ግን በቀላሉ የሚተኑ ጥቃቅን ውህዶች ስብስብ ነው። ለአንድ ሰዓት ከተፈላ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ የጠማቂውን ቤት ያውደዋል እንጂ ብርጭቆ ውስጥ አይደርስም።

መሃለኛው መንገድ እሳቱ ሊወርድ ሲል መጨመር ነው። ዋይት ሐውስ በ1 ሴፕቴምበር 2012 ይፋ ያደረገው የማር ኤል አሠራር ይህን ይከተላል። ፕሬዚዳንት ኦባማ በነበሩበት ጊዜ በግቢው ውስጥ ከተቀመጠው ቀፎ የተቆረጠው ማር አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ፣ መፍላቱ ሊያበቃ ሲል 19 ሊትር ያህል በሚሆነው ቢራ ላይ ይጨመራል። በሊትር 24 ግራም መሆኑ ነው፤ ከባርባር ጋር ተቀራራቢ። እርሾው ግን የእንግሊዝ ዓይነት ስለነበር ቅርንፉዱንና ሙዙን እዚያ መፈለግ ከንቱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ መብላላቱ ጋብ ሲል ማሩን መጨመር ነው። መዓዛው በተሻለ ይተርፋል፤ ሥጋቱም አብሮ ይጨምራል። ጥሬ ማር የዱር እርሾዎችን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስታርች የሚሰባብር ኢንዛይምም አለበት፤ ይህ ኢንዛይም የብቅሉን ረጃጅም ሰንሰለቶች ቆራርጦ ለእርሾው ሊያቀርብለትና ቢራውን ከታሰበው በላይ ሊያደርቀው ይችላል። ጠንቃቃ ጠማቂ ስለዚህ ማሩን ሳያፈላ ለብቻው አሙቆ ካቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚቀላቅለው።

የማሩ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። እንደ ትግራይ ነጭ ማር ያለ፣ መዓዛው ለስለስ ያለ፣ ዳቦ ላይ ተቀብቶ ግሩም የሆነ ማር፣ የቤልጂየም እርሾ ቅርንፉድ ውስጥ ቢገባ ሊሰወር ይችላል። ጠቆር ያለ፣ ሽታው የሚከብድ የጫካ ማር ግን በእርሾው መሃል ራሱን ያሰማል። ለገበታ የሚመረጠው ማርና ለጋን የሚመረጠው ማር ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

ብርጭቆው ሲቀርብ

እንዲህ ያለ ቢራ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይቀመስም። 4 ዲግሪ ላይ ያለ ቢራ አፍ ያቀዘቅዛል፤ ሽታውም ተቆልፎ ይቀራል። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሲደርስ ይከፈታል። የሚቀዳውም ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ነው፤ ሽታው ከአፉ በታች እንዲጠራቀም። ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ በዝግታ ይቀዳል፤ መጨረሻ ላይ ቀና ሲል አረፋው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይቆማል። አተላውን የማይወድ የመጨረሻውን አንድ ጣት ጠርሙሱ ውስጥ ይተወዋል።

መጀመሪያ ይሸተታል። በረጅሙ ከመሳብ ይልቅ አጠር አጠር አድርጎ፣ በመሃል እያረፉ ማሽተት ይሻላል፤ አፍንጫ አንድን ሽታ ቶሎ ይለምደዋል። ቀድሞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የእርሾው ነው፦ ቅርንፉድ፣ ሙዝ፣ አንዳንዴ ቁንዶ በርበሬ። ቀጥሎ ብቅሉ፦ ትኩስ ዳቦ፣ ብስኩት። ማሩ ዘግይቶ፣ አረፋው ጎደል ሲል ይመጣል። በ1970ዎቹ ሞርተን ማይልጋርድ የተባለው የቢራ ኬሚስት የቢራን ሽታና ጣዕም በየወገኑ ከፋፍሎ በክብ ሠንጠረዥ አስቀምጦታል። ከዚያ ወዲህ ቀማሾች «ደስ ይላል» ከማለት አልፈው የትኛው ሽታ ከየት እንደመጣ በአንድ ቋንቋ መነጋገር ችለዋል።

ከዚያ ይጎነጫል። እዚህ ላይ ማንም ሰው ሊሠራው የሚችል ሙከራ አለ። አፍንጫን በሁለት ጣት ጨምቆ ትንሽ መጎንጨትና አፍ ውስጥ ማንከባለል። የሚሰማው የጋዙ ቁንጥጫ፣ የአልኮሉ ሙቀት፣ ምሬትና ቀጭን ጣፋጭነት ብቻ ነው። ማር የለም። ውጦ ጣትን መልቀቅ፦ አየሩ ከጉሮሮ በስተኋላ ወደ አፍንጫ ሲወጣ ማሩ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ቢራውም ድንገት የጣፈጠ ይመስላል። ምላስ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። አንጎል ያንን ሽታ ዕድሜ ልኩን ከጣፋጭ ጋር ሲያገኘው ስለኖረ ራሱ ጣፋጩን ይሞላበታል። በማር ቢራ ውስጥ እርሾው ስኳሩን በልቶታል፤ ጠጪው የሚያጣጥመው ጣፋጭ አብዛኛው ከአፍንጫው የመጣ ነው።

ሁለት የማር ቢራዎችን ጎን ለጎን መቅመስ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። በኤኖ ክፍለ ሀገር፣ ቱርፕ በተባለች መንደር ያለው የዱፖን ጠማቂ ቤት ታሪኩ በ1759 ከተጀመረ የእርሻ ላይ ጠመቃ ይመዘዛል፤ ቤቱን የዱፖን ቤተሰብ የያዘው በ1920 ነው። ዱፖን በይበልጥ የሚታወቀው ሴዞን በተባለው ደረቅ የገበሬ ቢራ ነው፤ እርሾውም ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ የሚሠራ፣ ስኳር የማያስተርፍ ነው። ያለ ኬሚካል በተመረተ ማር የሚጠምቀው የማር ቢራውም እንደ ባርባር 8 በመቶ አልኮል አለው። ቀማሽ በባርባር ውስጥ ለስለስ ያለውን ብቅል ተደግፎ የሚመጣ ማር ሲያገኝ፣ በዱፖን ውስጥ ከቁንዶ በርበሬና ከሣር ሽታ ጋር የሚታገል ማር ይጠብቀዋል።

ድርቀቱ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስከትላል። የማይከብድ ቢራ ቶሎ ይወርዳል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 8 በመቶ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ንጹህ አልኮል 26 ሚሊ ሊትር ነው፤ በተለመደው ባለ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ግን 16.5። አንዱን የጠጣ ሰው አንድ ተኩል እንደጠጣ ይቁጠረው።

ማር ያልገባበት ማር

ማር የሸተተ ቢራ ሁሉ ማር አልገባበትም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚሠራ፣ በማር ስም የሚጠራ ልዩ ብቅል አለ፤ አንዲት ንብ ሳትነካው ለቢራው የማር ዓይነት ጣዕም ይሰጠዋል። እርሾም ራሱ 2,3-ፔንታንዳዮን የተባለ ውህድ ያመርታል፤ ጠማቂው ቸኩሎ እርሾው መልሶ ሳይበላው ካሸገው ቢራው ማር ማር ይላል። እነዚህን ከእውነተኛው የሚለየው አንዱ ምልክት ድርቀቱ ነው። የልዩ ብቅሉ ጣፋጭ ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ የእውነተኛው ማር ቢራ ግን ሽታውን አስቀርቶ ከአፍ ይጠራል።

ሦስተኛው ምንጭ ይበልጥ ያታልላል። ቢራ በመደርደሪያ ላይ ሲሰነብት ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ኦክስጅን ሥራ ትጀምራለች። ከሚፈጠሩት ውህዶች አንዱ ፌኒልአሴታልዲሃይድ ነው፤ በእውነተኛ ማር ውስጥም ያለ፣ ራሱን የቻለ የማር ሽታ። ስለዚህ ያረጀ ኤል ማር ሳይገባበት ማር ሊሸት ይችላል፤ ማር የገባበትም ሲያረጅ ከትኩሱ የበለጠ ሊሸት ይችላል። ሽታው ግን አብሮት የሚመጣ ባልደረባ አለው። የትኩሱ ማር ከአበባና ከሎሚ ልጣጭ ጋር ሲመጣ፣ የእርጅናው ማር ከደረቀ ዘቢብና ከእርጥብ ካርቶን ጋር ይመጣል። ካርቶኑ ከተሰማ ቀማሹ የታሸገበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ፈልጎ ያነባል፤ ስለ ማሩ ከመፍረዱ በፊትም ትኩስ ጠርሙስ አስከፍቶ ሁለቱን ያስተያያል።